ሰማዩ ሲጠራ ተራራው አይደርቅም



የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ነዋሪዎች፣ ንግግሬን ከበረዶ ሸርተቴ ብጀምር አትሳቁብኝ። ማንጎና ብርቱካን በሚበቅልበት አገር ቆሞ ስለ በረዶ ሸርተቴ ማውራት ቀልድ ይመስላል፤ አውቃለሁ። ግን ኢትዮጵያዊ በበረዶ ሸርተቴ ኦሊምፒክ ደርሷል። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያኗ ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በካናዳዋ ቫንኩቨር፣ በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ አገር አቋራጭ ውድድር የኢትዮጵያን ስም አስጠርቷል። በክረምት ኦሊምፒክ አገራችንን ወክሎ ሲወዳደር የመጀመሪያው እሱ ነው። በረዶውም ቢሆን ለአገራችን ፈጽሞ ባዳ አይደለም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ወደብ ላይ አግኝቶ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ስሜን ተራሮች ላይ እስከ ጉልበት በሚያሰምጥ በረዶ ውስጥ እንደዘመተ ይተርካል። ዛሬም ራስ ዳሽን አናት ላይ አልፎ አልፎ ይጥላል፤ ግን አይከርምም።

የመጣሁበት ጉዳይ በረዶው ራሱ አይደለም። የበረዶ ሸርተቴ ሰዎች አንድ ጥሩ ልማድ አላቸው፤ እሱን ልንዋሳቸው ይገባል ብዬ ነው። ዴንቨር ያሉ ዘመዶቻችንን ጠይቁ፤ እዚያ ብዙ የአገራችን ሰው አለ። ኮሎራዶ ውስጥ በበረዶ ወራት የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ በየቀኑ ይወጣል፤ በስዊዘርላንድም እንዲሁ ነው። ማስጠንቀቂያው ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ደረጃ አደጋውን ይናገራል፤ ከዚያ አልፎ አደጋው ከስንት ሜትር ከፍታ በላይ እንደሆነ፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ በዞረ ተዳፋት ላይ እንደሚብስ ለይቶ ያስቀምጣል። ልምድ ያለው ሸርታቺ ያንን ሳያነብ ከቤቱ አይወጣም። ሲያነብም ሦስት ነገር ይጠይቃል። ዛሬ ከሰማይ ምን ይመጣል? እስከ ትናንት የወረደው በረዶ እንዴት ተነባብሯል? የምረግጠው ተዳፋትስ ምን ያህል ቀጥ ያለ ነው?

ከሦስቱ የሚዘነጋው መካከለኛው ነው። የበረዶ ናዳ ብዙ ሰው የሚወስደው በረዶው እየዘነበ ሳለ ብቻ አይደለም፤ በማግሥቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ ወጥታ፣ ሰው ደስ ብሎት በወጣበት ቀንም ነው። ሰማዩ ረስቶታል፤ ተዳፋቱ ግን አልረሳም።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። እኛ ለመዝናናት አይደለም ዳገት የምንወጣው። ወልድያ ያለ ሹፌር በድልብ በኩል ወደ ጋሸናና ላሊበላ ተሳፋሪ ጭኖ ይወጣል። ውርጌሳ ያለ ገበሬ የሚያርሰው ማሳ ዳገት ላይ ነው። የመርሳ ነጋዴ ፍራፍሬውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ደሴ ይነዳል። ጊራና ያለች እናት ልጇን ትምህርት ቤት ስትልክ ልጁ ጅረት ይሻገራል። አሁን ሰኔ ገብቷል። የአየር ትንበያ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም በስልክም እንሰማለን። እየሰማን ግን አናነበውም።

ከላይ ከሰማዩ ልጀምር።

በአገራችን ትንበያ የማውጣት ሥልጣን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ብዙዎቻችን ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ በሚለው የቀድሞ ስሙ እናውቀዋለን። በዓመት ሦስት ጊዜ የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ። ይህ ሥራ የተጀመረው ከ1977ቱ ድርቅ ብዙም ሳይቆይ ነው። ወሎ ያንን ዘመን ማንም እንዲነግረው አይፈልግም፤ አልነካውም።

የወቅት ትንበያ ሲነገር «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» የሚሉ ሦስት ቃላት ትሰማላችሁ። ያለፉት 30 ዓመታት የአንድ ቦታ የክረምት ዝናብ ከትንሹ እስከ ትልቁ ተደርድሮ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አሥሩ ደረቅ ዓመታት፣ አሥሩ መካከለኛ፣ አሥሩ እርጥብ። ምንም መረጃ የሌለው ሰው ለሦስቱም እኩል ዕድል ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ገደማ። ትንበያው «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20» ብሎ ቢመጣ ባለሙያው «ዘንድሮ ሚዛኑ ወደ እርጥቡ ያዘነብላል» ማለቱ ነው። «ጎርፍ ይመጣል» አላለም። ከአምስት አንድ ጊዜ ደረቅ ሊሆን እንደሚችልም በዚያው አፉ ነግሮናል። ክረምቱ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ «ዋሸን» የሚል ሰው 20ዋን ያልሰማ ሰው ነው።

ሌላም አለ። ያ ትንበያ የሚናገረው የአራት ወር ድምሩን ነው። ዝናቡ መቼ እንደሚገባ፣ በመካከል ስንት ቀን እንደሚቋረጥ፣ በየትኛው ሌሊት እንደሚያወርደው በድምሩ ውስጥ የለም። ሁለት ክረምቶች እኩል 600 ሚሊሜትር ሊያዘንቡ ይችላሉ። አንዱ በየማታው እያካፋ ጤፉን ያደርስላችኋል፤ ሌላው ሐምሌን አድርቆ በነሐሴ ሁለት ሳምንት ውስጥ ዘርግፎት ማሳውን ይወስድባችኋል። ለዚህ ነው የወቅቱን ትንበያ የሰማ ሰው በየአሥር ቀኑና በየቀኑ የሚወጣውንም መከታተል ያለበት። አባቶቻችን ዘመኑ የማቴዎስ ነው የዮሐንስ ነው ብለው፣ ኮከብ አይተው፣ የወፍ ድምፅ ሰምተው ይገምቱ ነበር። አልንቀውም። ግን ኤልኒኞ የሚባለውን ነገር ከወልድያ ሆኖ በኮከብ ማየት አይቻልም፤ የሚታየው ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ በውሃው ሙቀት ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ያ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ በልጉ ቀድሞ በከሸፈበት በዚህ አካባቢ ክረምቱም ተከትሎ ከዳ።

አሁን ወደ ስልካችን። ወጣቶች፣ ስልካችሁ ላይ «መርሳ፣ 24 ዲግሪ፣ ዝናብ 60 በመቶ» የሚል ታያላችሁ። ይህን ቁጥር የሚሰጠው መርሳ ላይ የቆመ ሰው አይደለም። የዓለምን ከባቢ አየር በአራት ማዕዘን ቤቶች ከፋፍሎ የሚያሰላ ኮምፒውተር ነው። ከእነዚህ ስሌቶች ስመ ጥር የሆነውን የሚሠራው የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል የአንዱን ቤት ጎን ወደ 9 ኪሎ ሜትር ያደርገዋል። ከመርሳ ተነሥታችሁ ወደ ምዕራብ 9 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ የት ትደርሳላችሁ? ከማንጎው ተነሥታችሁ ገብስ ወደሚዘራበት ግድግዳ ትወጣላችሁ። ኮምፒውተሩ ግን ያንን ሁሉ በአንድ አማካይ ከፍታ ያያል። ስለዚህ ስልኩ ያሳያችሁ ሙቀት መርሳም አይደለም፣ ተራራውም አይደለም፤ ማንም የማይኖርበት የመካከል አገር ነው።

ይህንን በራሳችን ማረም እንችላለን። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ነው፤ ወልድያ ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል፤ ከላሊበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር ያልፋል። መርሳ ላይ ቀትር 28 ዲግሪ ከሆነ አቡነ ዮሴፍ አናት ላይ 11 ገደማ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ውርጭ አለ። ቲሸርት ለብሶ ከመርሳ ተነሥቶ አይሱዙ ላይ ከጭነት በላይ ተቀምጦ ዳገቱን የሚወጣ ጎረምሳ የሚንቀጠቀጠው በሽታ ይዞት አይደለም፤ በ6.5 ነው።

ሹፌሮች ይህችን በተለይ ያዙልኝ። የአየር ትንበያ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ «የጤዛ ነጥብ» የምትባል ቁጥር አላቸው፤ አየሩ ቀዝቅዞ ጉም መሥራት የሚጀምርበት ሙቀት ማለት ነው። ከአየሩ ሙቀት የጤዛውን ነጥብ ቀንሱ፤ የቀረውን በ125 አባዙ። የደመናው ሆድ ከቆማችሁበት ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንዳለ ይነግራችኋል። መርሳ ላይ ሙቀቱ 24፣ የጤዛ ነጥቡ 16 ቢሆን ልዩነቱ 8 ነው፤ በ125 ሲባዛ 1000 ሜትር። መርሳ 1600 ላይ ናት። ስለዚህ ከ2600 ሜትር በላይ ያለው መንገድ ጉም ውስጥ ነው ማለት ነው። ከታች ሆናችሁ «ደመና ነው» የምትሉት ነገር ከድልብ በላይ ኩርባው ላይ ስትደርሱ ፊት ለፊታችሁ ያለውን መኪና የሚደብቅባችሁ ጉም ነው። ስሌቱ ግምት ነው፤ ጠዋት ላይ ብዙም አይታመንም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ደህና አድርጎ ይሠራል። መብራት የሌለው መኪና ይዞ በዚያ ሰዓት የሚወጣ ሰው ቢኖር ባለቤቱ ስሌት ሳይሆን መካኒክ ነው የሚያስፈልገው።

«60 በመቶ» ማለት ደግሞ ቀኑን 60 በመቶ ያህል ይዘንባል ማለት አይደለም። እንደዛሬ ካሉ አሥር ቀኖች በስድስቱ ያ ቦታ ዝናብ ያያል ማለት ነው። ጠብታም ቢሆን ዝናብ ነው፤ ዶፍም ቢሆን ዝናብ ነው። ስለዚህ ከመቶኛው ጎን ሚሊሜትሩን ፈልጉ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አዙሩት፤ ስልኩ 15 ሰዓት ሲል ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በክረምት እኛ ዘንድ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላና ማታ ነው። ወደ ምሥራቅ የዞረው የእኛ ግድግዳ ጠዋት ፀሐይ ይጠጣል፤ የሞቀው አየር ተራራውን ይዞ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ይጠቁራል። ከሦስት ቀን ያለፈ ትንበያ አቅጣጫውን ያሳያችኋል፤ ነጎድጓዱ ስሪንቃ ላይ ይወርዳል ወይስ ሊብሶ ላይ የሚለውን ግን የነገውም ትንበያ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ነጎድጓድ ሠፈር ይመርጣል።

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊሜትር ዘነበ እንበል፤ ለእኛ አገር ነሐሴ ብርቅ አይደለም። አንድ ጥማድ መሬት፣ ሩብ ሄክታር፣ ላይ 100 ሺህ ሊትር ወረደ ማለት ነው። ሲመዘን 1000 ኩንታል። ሃምሳ ሃምሳ ኩንታል የጫኑ ሃያ አይሱዙዎች በአንዲት ጥማድ ላይ ጭነታቸውን አራግፈው እንደሄዱ ቁጠሩት። ከፊሉ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። የቀረው የት ነው?

ተዳፋቱ ውስጥ ነው። ዛሬ የመጣሁበትም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከውርጌሳ እስከ ወልድያ በስተምዕራብ የቆመው ግድግዳ የአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ዳር ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እየተደራረበ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በኋላ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ተሰነጣጠቀ፤ ከፊሉ ሰጠመ፤ ከፊሉም ዘመመ። በድንጋዩ ንብርብሮች መካከል አመድና የበሰበሰ ድንጋይ አለ፤ ከግርጌው ደግሞ ከላይ የወረደ አፈርና ቋጥኝ ተከምሯል። የጂኦሎጂ ሰዎች የመርሳንና የውርጌሳን አካባቢ ስለ መሬት መንሸራተት ሲያጠኑ የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው፤ ከላይ ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ ድንጋይ፣ ከሥር ውሃ የሚይዝ ሸክላ። ዋልካውን ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በበጋ ተሰነጣጥቆ ክንድ ያስገባል፤ የሰኔን ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ወደ ጥልቁ ይውጠዋል፤ ከዚያ ያብጥና አፉን ይዘጋል።

ውሃው ከገባ በኋላ ሁለት ነገር ይሆናል። አፈሩ ይከብዳል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የገባውም ውሃ አንዱን ከሌላው እየገፋ መያያዣቸውን ያላላዋል። ክብደቱ ጨምሮ መያዣው ሲላላ መሬቱ መሄድ ይጀምራል። እግሩን ከቆረጣችሁበት፣ ማለትም ለመንገድ ወይም ለቤት ወይም ለድንጋይ ካባ ብላችሁ ግርጌውን ከናዳችሁት፣ ይብስ ይፋጠናል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ኔል ኬን የተባለ የኮሎራዶ ጂኦግራፊ ምሁር ከየአገሩ የተሰበሰቡ 73 የመሬት መንሸራተትና የጭቃ ናዳ አጋጣሚዎችን ይዞ ምን ያህል ዝናብ ተዳፋት እንደሚያንቀሳቅስ ዝቅተኛውን መስመር አሰመረ። በእሱ መስመር ዝናቡ አንድ ሰዓት ብቻ ከቆየ 15 ሚሊሜትር ገደማ፣ ሙሉ ቀንና ሌሊት ከቆየ በድምሩ 100 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን አደጋው ይጀምራል። ይህ ለቀጭኑ የላይኛው አፈር ነው። ጥልቁ መንሸራተት፣ መንደር ከነማሳው የሚያስኬደው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ዝናብ ብቻ አይነሣም። የሚጠብቀው ጠቅላላ የክረምቱን ድምር ነው።

ምሳሌው ከአገራችን አለ። መስከረም 3 ቀን 1998 ዓ.ም. ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ በተባለው ቦታ ተራራው ተንቀሳቀሰ። ቤት ፈረሰ፣ ማሳ ተገለበጠ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። ደብረ ሲናም እንደ እኛ የዚያው የስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ዳር ልጅ ናት፤ እኛና እነሱ አንድ ግድግዳ ነው የተደገፍነው። ቀኑን አስተውሉ። ሐምሌ አይደለም፤ ነሐሴ አይደለም። አደይ የፈነዳበት፣ ችቦ የበራበት፣ ሰው «ክረምቱ አለፈ» ብሎ ተስፋ የሚያደርግበት ሳምንት ነው። በዚያን ቀን የሰማዩን ትንበያ ብቻ የጠየቀ ሰው «እየቀለለ ነው» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ተዳፋቱን የጠየቀ ግን ሦስት ወር ሙሉ የጠጣ ተራራ ነበር የሚያገኘው።

«ሐምሌ ቢበራ በጋ ይመስላል» ይላል ሰው። እኔ ደግሞ የምፈራው መስከረምን ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም በሺህ የሚቆጠር ምዕመን በአምባሰል ዳገትና ቁልቁለት ይጓዛል። ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ጉዞው እንዲቀር አልልም፤ ማንም አይሰማኝም፣ ባይሰማኝም ደስ ይለኛል። ግን ማደሪያ ድንኳን ከተቆረጠ ገደል ሥር አይተከል፤ አውቶቡስ ከዳገት በኩል ድንጋይ በተራገፈበት ኩርባ ላይ አይቁም። ይህን ለማለት ጂኦሎጂስት መሆን አያሻም።

የጎፋውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጌዜ ጎፋ ተዳፋቱ ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሞቱት ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩት አልነበሩም። ጎረቤት ተቀበረ ሲባል አካፋና ዶማ ይዘው፣ ያም የጠፋ እንደሁ በእጃቸው ሊቆፍሩ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱ ላይ ወረደ። ይህን ስናገር ማንንም መውቀሴ አይደለም። እኛም ብንሆን እሪታ ስንሰማ እንሮጣለን፤ ወሎዬ ሆኖ እሪታ ሰምቶ የሚቀመጥ የለም። ግን ከላይ የሚጠብቅ ሰው ይኑር። አንድ ዓይኑ የበራ ጎልማሳ ከጎን፣ ደህና ቦታ ላይ ቆሞ የተቆረሰውን አናት ብቻ ይመልከት፤ ጠጠር መንከባለል ሲጀምር ይጩህ። ሥሩ የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ፤ ሌላው ሕዝብ ወደ ጎን ይራቅ። በበረዶ ናዳ አገርም የነፍስ አድን ሠራተኞች ከመቆፈራቸው በፊት ሁለተኛ ናዳ ይመጣ እንደሆነ ያያሉ።

ተዳፋት ከመሄዱ በፊት ይናገራል። የሚናገረውን ደግሞ ከማንም በፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ። ከማሳው በላይ በኩል፣ ዳገቱን አቋርጦ፣ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ አዲስ ስንጥቅ አያችሁ? የዋልካው የበጋ ስንጥቅ መረብ ይመስላል፤ ይህኛው አንድ መስመር ነው፤ ከታች ያለው ወገን በጣት ያህል ዝቅ ብሏል። እንጨት ችንካር በሁለቱም ወገን ትከሉ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ፣ ጻፉት። በሳምንቱ ሰፍቶ ከተገኘ መሬቱ እየሄደ ነው። በድንገት የፈለቀ ምንጭ፣ ወይም ጥርት ብሎ ይፈስ የነበረ ምንጭ ደፍርሶ መገኘቱ፣ ውሃው በውስጥ አዲስ መንገድ አገኘ ማለት ነው። የስልክ እንጨትና አጥር ወደ ቁልቁለት ሲያዘም፣ በር አልዘጋ ሲል፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ቤቱ አረጀ ብላችሁ ብቻ አትለፉት። የወንዝ ውሃ ዝናብ እየዘነበ ሳለ በድንገት ከቀነሰ ደግሞ በጣም ፍሩ፤ ከላይ ናዳ ገድቦታል፤ ግድቡ ሲፈነዳ ይመጣል።

ስለ ጎርፍ ብዙ አልልም፤ የአላ ውሃና የመርሳ ወንዝ ዳር ሰው እኔን አይጠብቅም። ላይ ጉባ ላፍቶ ዘንቦ ታች ፀሐይ ሳለ ወንዙ እንደሚሞላ ልጅም ያውቃል። ትንበያ ስትሰሙ ግን የራሳችሁን ከተማ ብቻ አትስሙ፤ ከበላያችሁ ያለውን ወረዳ ስሙ። ሀብሩ ላይ የሚወርደው ጎርፍ ሀብሩ ላይ የዘነበው ብቻ አይደለም።

ወደ ሸርታቾቹ ልመለስ። ስዊሶች ዳቮስ ላይ የበረዶ ምርምር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ዛሬ ያ ማስጠንቀቂያ የሚታመነው ኮምፒውተራቸው ስለበለጠ ብቻ አይደለም። በየሸለቆው በየጠዋቱ በረዶውን የሚለካ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ንብርብሩን የሚያይ፣ ያየውን የሚልክ ሰው ስላለ ነው። እኛ ዘንድ ወልድያ ላይ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ አለ፤ ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ይመዘግባል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ነጎድጓድ ሠፈር ይመርጣል ብያለሁ። የስሪንቃ መዝገብ ከውርጌሳ በላይ ያለውን ዳገት ዝናብ አይነግረንም። የኔል ኬን 100 ሚሊሜትርም የዓለም መስመር ነው፤ የውርጌሳ ተዳፋት በ60 ይሄድ ይሆን በ140፣ የሚያውቀው የውርጌሳ መዝገብ ብቻ ነው። እሱ መዝገብ ደግሞ ገና አልተጻፈም።

ለወረዳውም ለከተማውም አስተዳደር አንድ ነገር ልበል፤ ቅሬታ አይደለም፣ ማሳሰቢያ ነው። የወቅት ትንበያ ሲመጣ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ዘር ይታሰብበታል፤ ትክክል ነው። ያው ወረቀት ግን መንገድ የሚጠግኑት ጋ፣ መናኸሪያው ጋ፣ ትምህርት ቤቱ ጋም ይድረስ። «ከመደበኛ በላይ» የተባለ ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት የመንገድ ዳር ቦይ ካልተጠረገ ውሃው በአስፋልቱ ላይ ሄዶ ዳገቱን ከእግሩ ይበላዋል። እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይም እንዲሁ ነው። ያልተጠረገ የጎርፍ መቀልበሻ ውሃውን አይቀለብስም፤ አከማችቶ ወደ ተዳፋቱ ሆድ ያስገባዋል። ሳይሠራ ቢቀር ይሻል ነበር የሚያሰኝ እርከን አለ።

መምህራን፣ የመጨረሻው ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። የዝናብ መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ከላይም ከታችም ስፋቱ እኩል የሆነ የወተት ዱቄት ጣሳ ይበቃል። ዛፍና ቤት ከማይጋርደው ግልጽ ቦታ ላይ፣ ዛፍ ካለም ከዛፉ ቁመት እጥፍ ርቆ፣ እንዳይወድቅ ታስሮ ይቀመጥ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት፣ የአገሪቱ ጣቢያዎች በሚያነቡበት በዚያው ሰዓት፣ አንድ ተማሪ ማስመሪያውን ጣሳው ወለል ድረስ አስገብቶ የውሃውን ከፍታ ያንብብ፤ አንድ ሳንቲ ሜትር አሥር ሚሊሜትር ነው። ይጻፈው፤ ይድፋው፤ ጣሳውን ይመልሰው። ያልዘነበ ቀንም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ። በዚያው ደብተር ጎን አዲስ ስንጥቅ፣ የደፈረሰ ምንጭ፣ የተዘጋ መንገድ ከነቀኑ ይግባ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጣሳው አብሮ አይዘጋ፤ ሐምሌና ነሐሴ ያለ መዝገብ ካለፉ የቀረው ብዙም አይጠቅመንምና በየሠፈሩ የቀረ አንድ ልጅ ይረከበው። ደብተሩ እስከ ጥቅምት አይታጠፍ። ውርጌሳ፣ ጊራና፣ ሊብሶ፣ ስሪንቃና ድልብ ላይ አንድ አንድ ጣሳ ቢቆም የዘንድሮ ክረምት ሳይጻፍ አያልፍም። ነገ ጠዋት ጀምሩት።